ዕቁብን «ገቢ» ያለው አፕ

የካቲት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቴና እኔ የምሳውን ጠረጴዛ አጽድተን ሦስት ነገር ዘረጋንበት። አንደኛው ለማመሳከር ከሰፈራችን ሱቅ ያመጣነው የዱቤ ደብተር ነው፤ ጠርዙ በዘይት ወዝቷል። ሁለተኛው የዕቁብ ካርዳችን ነው፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ስድስት ፊርማ አርፎበታል። ሦስተኛው ስልኬ ነው። ስልኩ ላይ ለስድስት ወር ገቢና ወጪያችንን የመዘገብንበት አፕ አለ። ያን ቀን ልናውቅ የፈለግነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ለፋሲካና ለልጃችን የሚቀጥለው ሩብ ዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆን ብር አለን ወይስ የለንም?

አፑ አለ ይላል። የታኅሣሥ አረንጓዴ ዓምድ ከሌሎቹ ወሮች ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ቆሟል፤ ከሥሩም በዚያ ወር ካገኘነው ከግማሽ በላይ እንደቆጠብን ተጽፏል። ታኅሣሥ የገና በግ የሚገዛበት ወር ነው፤ በታኅሣሥ ያን ያህል ተርፎን እንደማያውቅ ሁለታችንም እናውቃለን። ባለቤቴ መምህርት ናት። የተማሪ ደብተር እንደምታርም ሁሉ ጣቷን ከመስመር መስመር እያወረደች አነበበችና አንዱ ላይ ቆመች።

«ይኼ 36,000 እኮ የዕቁቡ ነው» አለች። «ገቢ ብሎ ነው እንዴ የያዘው?»

አዎ፣ ገቢ ብሎ ነበር የያዘው። ጥር ላይ በዚያው ብር ማቀዝቀዣ ስንገዛ ደግሞ ከአቅማችን በላይ እንዳወጣን በቀይ አሳይቶናል። በየወሩ የምንጥለውን 3,000 ብር ወጪ ይለዋል። ስድስት ወር ሙሉ ሳንሰለች የሞላነው መዝገብ ስለ ኑሯችን የነገረን ነገር እውነት አልነበረም።

ዕቁባችን አሥራ ሁለት ሰው አለው። እያንዳንዱ በወር 3,000 ብር ይጥላል፤ ዕጣው 36,000 ነው። ለእኛ የደረሰን በአራተኛው ወር ነው፤ እስከዚያ የጣልነው 12,000 ብር ነበር። ስለዚህ ያን ቀን የተቀበልነው ብር ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉበት። 12,000ው የራሳችን ቁጠባ ነው፤ ተመለሰልን። የቀረው 24,000 ግን ስምንት ወር የምንከፍለው፣ ወለድ የሌለው፣ በዋስ የወሰድነው ብድር ነው። ገቢ የሚባል አንድ ሳንቲም የለበትም። ዕጣው ነሐሴ ላይ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ዓመቱን በሙሉ አበዳሪ ሆኖ ይቆያል። ይህን የዕቁብ ዳኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዋስ የሚጠራውም ለዚህ ነው። አፑ ግን ያለው ሁለት በር ብቻ ነው፣ ገቢና ወጪ። በሁለቱ በሮች የማያልፍ ነገር ሲመጣበት በግድ በአንዱ ያሳልፈዋል።

የገንዘብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ለመምረጥ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ነጻ ነው ወይ፣ ለአጠቃቀም ይቀላል ወይ፣ ሥዕላዊ መግለጫ አለው ወይ የሚለውን ነው። እኔም ያን ጠይቄ ነበር የመረጥኩት። አሁን ከሁሉ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በእጄ ያለውን ብርና የራሴ የሆነውን ብር ለይቶ ያውቃል ወይ?

በእኛ ኑሮ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በእጅ ያለ ሁሉ የራስ እንዳልሆነ የሚናገሩ ሦስት ቃላት አሉን፤ ዕቁብ፣ ዱቤ፣ አደራ። ዕቁቡን አየነው። ዱቤው የተገላቢጦሽ ነው፤ ዘይቱና ፓስታው በየካቲት ተበልቷል፣ ብሩ ግን ገና ኪሳችን ውስጥ ነው። መጋቢት ላይ ሒሳቡን ስንዘጋ አፑ የመጋቢት ወጪ ያደርገዋል፤ የካቲትን ቆጣቢ፣ መጋቢትን አባካኝ አስመስሎ ያቀርብልናል። አደራው ከእህቴ የሚመጣ ነው። እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለእናታችን መድኃኒትና ለሠራተኛ ደመወዝ በወር 200 ዶላር ትልካለች፤ ብሩ የሚገባው በእኔ ሒሳብ ነው። ባንኩ ገባልህ ብሎ ይጽፍልኛል፣ አፑም ገቢ ይለዋል። ብሩ ግን የእናቴ ነው፤ ከእኔ ዘንድ ያለው በአደራ ነው።

የጋሼ ሁለት ዓምድ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ጡረተኛ የሒሳብ ባለሙያ ቡና ጠራናቸው። ጋሼ ስልኬን አልተቀበሉኝም። ወረቀት አስመጥተው መሐሉን በአንድ መስመር ከፈሉት።

«ብር ከየትም አይመጣም፣ የትም አይጠፋም» አሉ። «ከአንድ ቦታ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይገባል። ሁለቱንም ጻፍ። የዕቁቡ 36,000 ባንክህ ገባ፤ ከየት ወጣ? ከደመወዝህ አልወጣም፣ ከዕቁብ ነው የወጣው። እንግዲህ ዕቁብ የሚባል ሒሳብ ክፈትለት።»

ዕቁብ በሚለው ሒሳብ በየወሩ 3,000 ሲጨመር እዚያ ያለን ሀብት ያድጋል። ታኅሣሥ ላይ 12,000 የነበረው 36,000 ሲወጣበት ከዜሮ በታች 24,000 ይሆናል። ያኔ ሀብት የነበረው ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የምንጥለው ሁሉ ዕዳውን ይቀንሳል። የገቢው ዓምድ አልተነካም፤ የወጪውም አልተነካም። ባለቤቴ ወረቀቱን አየችና «ይኼ ማንም ሰው ሊገባው የሚችል ነው» አለች። ጋሼም ብዙ ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር መሆኑን ነገሯት።

ይህ ደብል ኢንትሪ የሚባለው የሁለትዮሽ አመዘጋገብ ነው። የጣሊያን ነጋዴዎች ሲሠሩበት ኖረው፣ ሉካ ፓቾሊ የተባለ መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ በታተመ መጽሐፉ አብራርቶ ጻፈው። የባንክም የመሥሪያ ቤትም ሒሳብ ዛሬም የሚያዘው በዚሁ ነው። ለቤት ኑሮ ከአቅም በላይ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ዕቁብ፣ ዱቤና አደራ ላለበት ቤት ከዚህ ያነሰ መሣሪያ አይበቃውም።

በዚህ መንገድ ከሚሠሩት ነጻ ሶፍትዌሮች እኔ በደንብ የፈተሽኩት ግኑካሽን ነው። የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች ይሻሻላል። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ መዝገቡ የሚቀመጠው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። የሒሳቦቹን ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። እኛም «ዕቁብ»፣ «ዱቤ — ሱቅ»፣ «አደራ — እማዬ» ብለን ከፈትን። ችግሩ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ መክፈቻ ሒሳብ ማስገባትና ሀብት፣ ዕዳ፣ ገቢ፣ ወጪ የሚሉትን አራት ቤቶች መለየት ያታክታል። ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ደግሞ ብዙም አይጠቅምም። ለስልክ ብቻ ከሆነ የኮሪያው ሪያልባይት የሚያዘጋጀውን መኒ ማኔጀርን የመሰለ፣ በሒሳቦች መካከል ዝውውር የሚመዘግብ፣ የዕዳ ሒሳብ የሚያስከፍትና መዝገቡን በኤክሴል የሚያወጣ አፕ ይፈለግ። «ዝውውር» የሚል ቁልፍ የሌለው አፕ ከጅምሩ ይቅር እላለሁ።

ኤቲኤም ወጪ አይደለም

የዝውውር ነገር ሌላም ጉድ አሳየን። በየካቲት ከኤቲኤም በሦስት ጊዜ 6,000 ብር አውጥተናል። አፑ ሦስቱንም ወጪ ብሎ ያዘ። ብሩ ግን ከባንክ ወደ ኪስ ተዛወረ እንጂ ገና አልወጣም ነበር፤ ከኪስ በኋላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

መጋቢት ላይ ባለቤቴ በቦርሳዋ፣ እኔ በኪሴ ትንሽ ማስታወሻ ያዝን። ከወሩ 6,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ውስጥ 2,150 ለታክሲ ሄደ። ለለቅሶ፣ ለሕመምተኛና ለአራስ ጥየቃ 1,500። ከሱቅ በእጅ ለገዛነው 1,240። ለጀበና ቡና 730። የቀረውን 380 ብር ሁለታችንም ልናስታውሰው አልቻልንም፤ «ያልታወቀ» ብለን ጻፍነው። ከሁሉ ያስደነቀኝ የ1,500ው ነው። አፑ ለቤት እንስሳት ምግብና ለጂምናዚየም የተዘጋጀ ምድብ ነበረው፤ ለእድር፣ ለለቅሶ፣ ለጥየቃ ግን አልነበረውም። ምድብ የሌለው ወጪ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ይገባል፤ «ልዩ ልዩ» ውስጥ የገባ ደግሞ አይታይም። እኔ ወጪያችንን የሚያበዛው ቡናው ነው ስል ኖሬአለሁ፤ ቡናው ከጥየቃው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ጥየቃውን እንቀንስ አላልንም፤ ግን በጀት ተመደበለት።

በዚህ ነገር እናቶቻችን የተሻሉ ነበሩ። እናቴ የእድሩን ብር በመቀነቷ አንድ ጫፍ፣ የወፍጮውን በሌላው ትቋጥር ነበር፤ አንዱን ለሌላው አትፈታም። ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ተከታይ ያለው ዋይናብ የሚባለው ሶፍትዌር የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ የገባውን ብር ከማውጣትህ በፊት እያንዳንዱን ለአንድ ሥራ መድብ ይላል። ዘዴው ጥሩ ነው። ዋጋው ግን በዓመት 109 ዶላር ነው፤ በብር ሲሰላ ከ10,000 በላይ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ ደመወዝ ለሚቆጥር ቤት ይህን አልመክርም። ዘዴውን በኤክሴል ወይም በደብተር መያዝ ይቻላል።

በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ በአማርኛ የሚመዘግብ ሰው ግን ከአንድ ነገር ይጠንቀቅ። ባለቤቴ «ሕክምና» ብላ ትጽፋለች፤ እኔ ስቸኩል «ህክምና» እላለሁ። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ነው። በየምድቡ የሚደምረው ቀመር የእሷን ይደምርና የእኔን ይተዋል፤ ስህተት አለ ብሎም አይነግርም። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ባሉበት ፊደል ምድብን በእጅ መጻፍ አደጋ ነው። መፍትሔው ምድቦቹን አንድ ጊዜ ጽፎ፣ ከዚያ በኋላ ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጡ ማድረግ ነው፤ ሁለቱም ሶፍትዌሮች ይህን ይፈቅዳሉ።

ሁለት ወር በአንድ ቤት

ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ደመወዟ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር ወር ማብቂያ ላይ ነው። እኔ የምሠራበት ድርጅት በፈረንጅ ወር ይከፍላል። አፖቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ወር የሚሉት የፈረንጁን ነው። ጥቅምት 1 አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 11 ላይ ይውላል፤ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7። ስለዚህ የወሩን መጀመሪያ ቀን የሚያስቀይር አፕ ከተገኘ 8 ወይም 9 ላይ ማድረግ ጥቂት ቀን ቢያዛንፍም ያስኬዳል። የማያስቀይር ከሆነ የእሷ ደመወዝ ከአንድ ወር ወጪ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

ጳጉሜን ግን በምንም አይገጥምም። ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን ደመወዝ የለም፤ ወጪው ግን የዓመቱ ከባዱ ነው፤ ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ እንቁጣጣሽ። ይህን የሚያውቅ የውጭ ሶፍትዌር አላየሁም። እኛ ያደረግነው «ጳጉሜን» የሚባል የቁጠባ ሒሳብ ከፍቶ በየወሩ የዚያን ወጪ አንድ አሥራ ሁለተኛ ማዛወር ነው። ፋሲካና ገናም እንዲሁ የየራሳቸው ሒሳብ ተከፈተላቸው።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚጠቀሙባቸው አፖች ከባንካቸው ጋር ተገናኝተው ራሳቸው ይመዘግባሉ። በአውሮፓ ኅብረት ፒኤስዲ2 የሚባለው መመሪያ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ባንኮች ደንበኛው ሲፈቅድ ፈቃድ ላላቸው ድርጅቶች መረጃውን እንዲያጋሩ አስገድዷል። እኛ ዘንድ ያለው ግንኙነት የባንኩ የጽሑፍ መልእክት ነው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ መልእክቱ በዝቷል፤ የእያንዳንዱ ዝውውር መጠን፣ የአገልግሎት ክፍያውና በላዩ ያለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በየመልእክቱ ይጻፋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እኔ እሑድ እሑድ የሳምንቱን መልእክት ከላይ ወደ ታች አንብቤ አስገባለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

መልእክቱን ራሱ አንብቦ የሚመዘግብ አፕ አለና ለምን በእጅ ትለፋለህ የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። መልሴ አጭር ነው፦ ባንክ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥርም የሚመጣው በዚያው ሳጥን ነው። የወጪ መልእክቴን የሚያነብ የይለፍ ቁጥሬንም ያነባል። ጎግል ራሱ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ አፖች መልእክት የማንበብ ፈቃድ የሚያገኙበትን መንገድ በጥብቅ ገድቧል። በቴሌግራም በፋይል የሚላክ አፕ ግን በዚህ ቁጥጥር አያልፍም፤ እንዲህ ያለውን ስልካችሁ ላይ አትጫኑ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ቢሆንም ሕጉ ከመድረሱ በፊት ብሩ ይደርሳል።

የአደራው ሒሳብ ሁለት ገንዘብ አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የእህቴ 200 ዶላር ከ11,400 ገደማ ተነስቶ ከ20,000 በላይ ሆነ። በብር ብቻ ብመዘግብ እህቴ ስጦታዋን እጥፍ ያደረገች ይመስላል። በዶላር ብቻ ብመዘግብ ደግሞ የመድኃኒቱ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ አይታይም። የሁለቱንም መጠንና የዕለቱን ተመን በአንድ መስመር የሚይዝ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ግኑካሽ ይህን ያደርጋል፤ ኤክሴል ላይ ሦስት ዓምድ ይበቃል።

መዝገብ ይዞ መውጣት

ከሁለት ዓመት በፊት ስልኬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተሰረቀ። ያኔ እጠቀምበት የነበረው አፕ መዝገቡን የሚያስቀምጠው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነበር። የአንድ ዓመት ከአራት ወር ሒሳባችን አብሮ ሄደ። ስልኩን ተክቼዋለሁ፤ መዝገቡን ግን አልተካሁትም፣ ያ ዓመት በቤታችን ታሪክ ውስጥ ባዶ ነው።

ትልልቆቹም ይዘጋሉ። ማይክሮሶፍት መኒ የተባለውን የቤት ሒሳብ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2009 መሸጥ አቆመ። በዚያው ዓመት ኢንቱዊት የተባለው ኩባንያ ሚንት የተባለውን ተወዳጅ አገልግሎት በ170 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ዘጋው። ተጠቃሚዎቹ ከመዘጋቱ በፊት ዝርዝራቸውን በሲኤስቪ ፋይል ማውረድ ይችሉ ነበር፤ ያወረደ ሰው መዝገቡን ይዞ ሌላ ቤት ገባ። ሲኤስቪ ማለት ማንኛውም ኮምፒውተር የሚከፍተው ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ አንድ አፕ ስትሞክሩ በመጀመሪያው ቀን አምስት መስመር አስገቡና ወዲያው አውጡት። የወጣው ፋይል በኤክሴል ተከፍቶ አማርኛውም ሳይበላሽ ከተነበበ ቀጥሉ። ማውጣት የሚቻለው በክፍያ ከሆነ፣ ወይም ፊደሉ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ፣ አፑን ዛሬውኑ ተዉት።

ለሁሉ ቤት አንድ መሣሪያ አይሆንም። ብቻውን የሚኖር፣ ዕቁብም ዱቤም የሌለበት ደመወዝተኛ አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃዋል። እኛ ግን በመጋቢት ወደ ግኑካሽ ተዛወርን። ጥሬ ገንዘቡን በኪስ ማስታወሻ፣ የባንኩን ከመልእክት እየወሰድን እሑድ አብረን እናስገባለን፤ በወር አንድ ጊዜ ፋይሉ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፤ አንድ ቅጂም ወደ እህቴ ይሄዳል።

መጋቢት 30 ቀን ማታ፣ ደመወዝ ሳይገባ፣ ባለቤቴ ቀሪውን አነበበች። በባንክና በእጅ ያለው 27,900 ብር። ከዚያ የዕቁብ ዕዳ 15,000። የሱቅ ዱቤ 2,400። የእማዬ አደራ 8,200።

«የራሳችን 2,300 ነው» አለች።

ለፋሲካ በጉን ትተን ዶሮ ገዛን።